ቁስሉን ያየ ስለ እህሉም ይጠይቅ

ራስን መጉዳትና እህልን መሸሽ ደጋግመን የምንሰማቸው፣ ግን ለየብቻ የምናወራቸው ጉዳዮች ናቸው። ገላዋን የጎዳች ልጅ ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች። ሳምንታት ሙሉ በወጉ ያልበላችው ግን «ትንሽ ከፍቷት ነው» ተብላ ትታለፋለች። ብዙ ጊዜ ሁለቱ የሚገናኙት አንድ ሰው ላይ ነው። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ፣ የአመጋገብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከሩብ የሚበልጡት ሞትን ሳይፈልጉ ራሳቸውን የጎዱበት ጊዜ አለ። አኖሬክሲያ በተባለው፣ ሰው ራሱን እያስራበ በሚከሳበት ሕመም ከሚሞቱት ደግሞ ከአምስቱ የአንዱ ሞት በገዛ እጁ የመጣ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው ሲባል መልሱ አይጠፋም። አንዱ ቲክቶክንና የቅጥነትን ፋሽን ይወቅሳል፣ ሌላው «የከተማ ልጅ ቅብጠት ነው» ይላል፣ ሦስተኛው «መንፈስ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሐኪሞች ጭንቀትን፣ ድብርትን፣ የደረሰ ጥቃትንና ራስን የመቅጣት ፍላጎትን ይጠቅሳሉ፤ ልክ ናቸው። ከሁሉም የተዘነጋው ግን ረሃቡ ራሱ ይመስለኛል። አለመብላትን የሕመሙ ምልክት አድርገን ብቻ ስለምናየው፣ ሕመሙን የሚያባብስ፣ አንዳንዴም የሚቀሰቅስ መሆኑ ያመልጠናል።

ይህን በጉልህ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1944 ማብቂያ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሙከራ ነው። አካላቸውም አእምሯቸውም ጤነኛ መሆኑ የተረጋገጠ 36 ወጣት ወንዶች ፈቅደው ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰባቸው። መስተዋት ፊት የሚጨነቅ፣ ለመቅጠን የመጣ አልነበረም። ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ ግን ሰዎቹ ድብርት ገባቸው፣ ከጓደኞቻቸው ራቁ፣ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፤ ያገኙትን በልተው በጸጸት የሚንገበገቡም ነበሩ። አንደኛው የገዛ እጁን ክፉኛ ጎዳ፤ ሆን ብሎ ይሁን በስህተት ራሱም ለይቶ መናገር አልቻለም። እነዚያን ጤነኛ ሰዎች እዚያ ያደረሳቸው የእህል እጦት ነበር።

ሕመሙ የሚሽከረከረውም በዚሁ መንገድ ነው። የተራበ አእምሮ እንቅልፍ ያጣል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ሐሳቡ ይጠባል። ጭንቀቱ ሲበረታ አንዳንዶች ራሳቸውን በመጉዳት ፋታ ይፈልጋሉ። ፋታው ወዲያው ያልፋል፣ እፍረቱ ግን ይቆያል። እፍረቱ ደግሞ «እህል አይገባኝም» ያሰኛል። እዚህ አዙሪት ውስጥ ላለች ልጅ «አይዞሽ፣ አታስቢ» ማለት ብቻውን ምንም አይፈይድም።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» ለሚሉ በጋና የተሠራ አንድ ጥናት መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ይህ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና ካሉ ሴት ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን በማስራብ የከሱ አሥር ልጆችን አግኝቷል። አንዳቸውም ውፍረትን ስለ መፍራት አላወሩም። ያወሩት ስለ ጾም፣ ስለ ራስ መግዛትና ሥጋን ስለ ማሸነፍ ነው። አዊ ዞን ላለ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ጾም በራሱ በሽታ አይደለም፤ ለሚሊዮኖች የነፍስ ስንቅ ነው። ነገር ግን «እየጾምኩ ነው» ያለችን ልጅ ማንም ደፍሮ አይጠይቃትም። ጾሙ ተፈትቶ ሁሉም ማዕድ ሲቀርብ እሷ ዳር ከቀረች፣ ነገሩ ከጾም አልፏል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ሳይመርጡት የሚመጣ ረሃብ አለ። ከገጠር ቀበሌ መጥታ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ የምትበላው ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቧ ዘንድ ሄዳ ያመጣችውን ስንቅ ነው። ሰኞ የተትረፈረፈው እንጀራ ሐሙስ ላይ ይደርቃል ወይም ያልቃል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱንም ትምህርቱንም እያቋረጠ ይህን ኑሮ አክብዶታል። በጅማ አካባቢ ወጣቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የምግብ እጦትን ከድብርትና ከጭንቀት ጋር አያይዘውታል። በእንጅባራ ብርድ ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቦ መዋል የተለመደ ስለሆነም የከሳ ትከሻና የቆሰለ ክንድ በቀላሉ አይታይም።

መዘዙ የሚታየው ሕክምና ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ቁስል ይጠረግና ይታሸጋል፣ መርፌ ይሰጣል፣ ልጅቷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። «መቼ በላሽ?» የሚላት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቦርሳ ውስጥ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው የክንድ መለኪያ አለ፤ የሚለካበት ግን ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ተማሪ ከአንዳቸውም ወገን አትቆጠርም። የሚያስቆጨው፣ እውቀቱ እዚሁ መኖሩ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሲመጣ ነርሶቻችን መጀመሪያ ኤፍ 75 የሚባለውን ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ ከዚያ ኤፍ 100 ይሰጣሉ፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል ድንገት ብዙ ሲመገብ ልቡ ሊደክምና ሊሞት እንደሚችል ያውቃሉ። ራሷን ላስራበች ወጣትም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋታል፤ በሐኪም ክትትል መጀመሪያ አካሏ ይመገብ፣ የምክር አገልግሎቱም አብሮ ይሂድ። የተራበ አእምሮ ምክርን በቀላሉ አይዝም።

«መንፈስ ነው» የሚሉት የሚወስዷት ጸበልም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው። ለተጎዳ አካል ይህ ተጨማሪ ረሃብ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። የንስሐ አባት «ልጄ፣ ታመሻል፤ ብዪ» ሲላት የሐኪም ትእዛዝ የማያገኘው ተሰሚነት አለው። ጸበሉና ሐኪሙ አብረው ይሂዱ።

ቤተሰብ ልጁ ራሱን መጉዳቱን የሚደብቅበት አንዱ ምክንያት ፖሊስን መፍራት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 የሚጠየቀው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳ ወይም የረዳ ነው፤ ሕይወቱን ለማጥፋት የሞከረው ሰው በዚህ አይከሰስም። ስለዚህ ሐኪም ቤት ለመሄድ የሚያስፈራ ነገር የለም።

እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፣ ቤት አከራዮች፦ ቁስል ያያችሁበትን ልጅ ስለ ምግቡ ጠይቁት፤ ምግብ የተወችውንም ራሷን ስለ መጉዳት አስባ እንደሆነ ጠይቋት። አፉን የፈታው በአውንጂ ቋንቋ ከሆነ በአውንጂ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ሲጠየቁ የሚቀላቸው ብዙዎች ናቸው። ቁጣና ዱላ ይቅር። መሞትን ካነሱ ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለውን ነገር ሁሉ ከአጠገባቸው አርቁና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ይህን የምታነቡ፣ በዚህ ሕመም ውስጥ ያለሽ አንቺም፣ ያለህ አንተም፦ ለምታምኑት አንድ ሰው ዛሬ ንገሩ፤ ይህ ሕመም ነው፤ ታክሞ መዳን ይቻላል።