በስልክ ሂሳብ የተመራ ደብዳቤ

ከሚዛን ተፈሪ ቡና የጫነ ሾፌር ቡናውን ወደ ውጭ የሚወስደው መርከብ በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ አይጠበቅበትም። ቦንጋንና ጅማን አልፎ አዲስ አበባ ካራገፈ ሥራው አለቀ። የኮምፒውተር መረቦችም መልእክት የሚቀባበሉት እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ቀጣዩን ተቀባይ ካወቀ ይበቃዋል።

ይህ አሠራር አገራችን የገባው ኢንተርኔት ሳይመጣ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አዲስ አበባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ተቋም የፊዶኔት ጣቢያ ነበረው። ፊዶኔትን በ1984 የጀመረው አሜሪካዊው ቶም ጄኒንግስ ነው። መረቡ የሚጠይቀው ተራ ኮምፒውተር፣ ሞደምና የስልክ መስመር ብቻ ነው። ማሽኖቹ ይደዋወላሉ፣ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ይለዋወጣሉ፣ ስልኩን ይዘጋሉ።

አድራሻው በቁጥር ነው፦ መጀመሪያ ቀጣና፣ ቀጥሎ መረብ፣ በመጨረሻ ጣቢያ። አፍሪካ ቀጣና 5 ነበረች። በየሳምንቱ የሚታደስ ዝርዝር የሁሉንም ጣቢያዎች ስልክ ስለሚይዝ ማንም ለማንም በቀጥታ መደወል ይችላል። ግን የባሕር ማዶ ጥሪ ሂሳብ ማን ይከፍላል? ስለዚህ ደብዳቤው ተጠራቅሞና በፋይል ተጨምቆ በአንድ ጥሪ ወደ ማዕከል ይላካል። ለብዙዎቹ የአፍሪካ ጣቢያዎች ማዕከሉ ለንደን ያለው ግሪንኔት ነበር።

ግሪንኔት አንድ እግሩ ፊዶኔት ውስጥ፣ ሌላው ኢንተርኔት ውስጥ ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግር አድራሻውን ይገለብጠዋል፤ በፊዶኔት ፊት የሚመጣው ቀጣና በኢንተርኔቱ አጻጻፍ ከጣቢያውና ከመረቡ ኋላ ይሰለፋል። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሚሄድ ደብዳቤም በለንደን ሊዞር ይችላል። ካርታ ለሚያይ ሰው ሞኝነት ይመስላል። ነገር ግን በጊዜው ጎረቤት በሆኑ የአፍሪካ አገሮች መካከል የሚደረግ የስልክ ጥሪ ራሱ ብዙ ጊዜ በአውሮፓ በኩል ያልፍ ነበር፤ ሞደሞቹ ያንኑ መንገድ ቢከተሉ አይፈረድባቸውም።

በጥር 1997 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔት ሲከፍት በሚደዋወሉት ማሽኖች ቦታ ራውተሮች ተተኩ። ራውተር ደብዳቤ አያጠራቅምም፤ መልእክቱ በትንንሽ ጥቅሎች ይቆራረጥና እያንዳንዱ የመድረሻ ቁጥሩ እየታየ ወዲያው ያልፋል። መረቦች እርስ በርስ «በእኔ በኩል እነዚህን አድራሻዎች ታገኛላችሁ» ይባባላሉ። ይህ መነጋገሪያ ቢጂፒ ይባላል፤ በ1989 ወጥቶ እየተሻሻለ ዛሬም ይሠራል። ዛሬ ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣ መልእክት ከአገር ውጭ የሚይዘውን መንገድም ቢጂፒ ይነግረዋል። የተመረጠው መንገድ ግን ሁልጊዜ አጭሩ አይደለም፤ የየመረቡ ባለቤቶች ከማን ጋር እንደተዋዋሉና ለማን እንደሚከፍሉ በራውተሮቹ ቅንብር ውስጥ ይገባል።