ደራሲው ያልሸጠው መብት

ሂዩ ሃዊ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ትልልቅ አሳታሚዎች ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢያቀርቡለት አልቀበልም አለ። በወጣትነቱ የጀልባ ካፒቴን ነበር፤ ኋላም ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በአንድ የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት መደብር ተቀጥሮ፣ በምሳ ሰዓቱ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሚሊዮን ዶላር ሲመልስ ብዙዎች ግራ ቢጋቡ አይገርምም። ሒሳቡን ላሰላ ግን ውሳኔው ጤነኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ሃዊ «ሱፍ» የሚል ርእስ የሰጠውን አጭር ታሪክ በ99 ሳንቲም አማዞን ላይ አወጣ። ታሪኩ የውጭው አየር በመመረዙ ከመሬት በታች በተቆፈረ ባለ ብዙ ፎቅ መጠለያ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ማስታወቂያ አልተሠራለትም። አንባቢዎች ግን እየተቀባበሉት ሄዱ፤ «ቀጣዩስ?» እያሉ ደራሲውን ወተወቱት፤ እሱም አራት ተከታይ ክፍሎች ጨመረበት። በ2013 መጀመሪያ ላይ የተሸጠው ቅጂ ከግማሽ ሚሊዮን፣ የደራሲው ገቢም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ የክፍያ ደንብ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሆነ ዲጂታል መጽሐፍ ከሽያጩ 70 ከመቶውን ለደራሲው ይሰጣል፤ ከዚህ ወሰን ለወረደ ወይም ለወጣ 35 ከመቶ። አንድ መጽሐፍ 5 ዶላር ተሸጠ እንበል። ራሱን የሚያሳትም ደራሲ 3 ዶላር ከ50 ይደርሰዋል፤ ከዚያ ላይ የምትቀነሰው በፋይሉ ክብደት የምትሰላ ጥቂት ሳንቲም ናት። ያው መጽሐፍ በአሳታሚ በኩል ቢወጣ፣ በተለመደው ውል መሠረት ደራሲው የሚያገኘው አሳታሚው ከመደብሩ ከተረከበው ሩቡን ነው። አሳታሚውም ያንኑ 3 ዶላር ከ50 ተረክቧል ብንል፣ ይህ ወደ 87 ሳንቲም ይወርዳል። አሳታሚው ደራሲውን እንዳይጎዳ ከተፈለገ አራት እጥፍ መሸጥ አለበት ማለት ነው።

በወረቀት መጽሐፍ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ማተሚያ፣ መጋዘን፣ መኪና፣ የመደብር መደርደሪያ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ደግሞ መደብሮች ያልተሸጠውን መጽሐፍ ለአሳታሚው ይመልሳሉ። ይህን ኪሳራ መሸከም የሚችለው ገንዘብና መረብ ያለው ድርጅት ነው። ሃዊም ያደረገው ይህንኑ መለየት ነበር። ለሳይመን ኤንድ ሹስተር የሰጠው የወረቀት ኅትመቱን ብቻ ነው፤ ክፍያው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲሆን፣ ዲጂታሉን መብት ግን ለራሱ አስቀረ። እያንዳንዱ ወገን የሚችለውን ያዘ።

ከዚህ ጀርባ ያለው ነገር ከመቶኛው በላይ ክብደት አለው። አሳታሚ ከድሮ ጀምሮ ትልቁን ድርሻ ሲወስድ የነበረው አደጋውን ስለሚሸከም ነው፤ የትኛው መጽሐፍ እንደሚሸጥ ሳያውቅ ገንዘቡን ያፈስሳል። አሁን አንባቢ መኖሩን ቀድሞ የሚፈትነው ደራሲው ራሱ ሆኗል። ለምሳሌ ደራሲው አንዲ ዊር ከ2009 ጀምሮ ማርስ ላይ ብቻውን ስለቀረ የጠፈር ተጓዥ የሚተርክ ልብ ወለዱን በድረ ገጹ ላይ በነጻ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ አወጣ። አንባቢዎች በንባብ መሣሪያቸው እንዲደርሳቸው ሲጠይቁት በ2011 አማዞን በሚፈቅደው ዝቅተኛ ዋጋ፣ በ99 ሳንቲም ለቀቀው፤ በሦስት ወር ውስጥ 35,000 ቅጂ ተሸጠ። ክራውን የተባለው አሳታሚ በ2013 መብቱን ሲገዛ፣ የገዛው ገበያ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ሸቀጥ ነው። ከልብ ወለዱ ተሠርቶ በ2015 የወጣው ፊልም በሲኒማ ቤቶች ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። አደጋውን ደራሲው ከተሸከመ፣ ውሉም ይህንን የሚመጥን ዋጋ ሊያሳይ ይገባል።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አይደለም። አርታኢ፣ የሽፋን ሠዓሊ፣ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ከደራሲው ኪስ ነው። አማዞን በወርሃዊ ክፍያ በሚያስነብበው አገልግሎት ደራሲው የሚከፈለው በተነበበው ገጽ ልክ ሲሆን፣ ለአንድ ገጽ የሚደርሰው ግማሽ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ባለ 300 ገጽ ልብ ወለድ ዳር እስከ ዳር ተነቦለት የሚያገኘው አንድ ዶላር ከምናምን ነው። እዚያ የገባ ዲጂታል መጽሐፍ ደግሞ ለ90 ቀን ሌላ ቦታ አይሸጥም። ሻጩም፣ ደንብ አውጪውም፣ ከፋዩም አንድ ኩባንያ ሲሆን የደራሲው ነጻነት እስከምን ድረስ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚያ ላይ ገበያው ተጨናንቋል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተመረቱ መጻሕፍት ሲጎርፉ አማዞን በሴፕቴምበር 2023 አንድ ሰው በቀን ከሦስት በላይ አዲስ መጽሐፍ እንዳያስገባ ገደብ ጣለ።

ለአማርኛ ደራሲ ራስን ማሳተም እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎች የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ ያስረክባሉ፣ ገንዘቡ እስኪሰበሰብም ይጠብቃሉ። ሃዊና ዊር ግን መጽሐፉ ገበያ እንዳለው እስኪረጋገጥ ድረስ ወረቀት አልገዙም። የእኛ ደራሲ የአሳታሚውን አደጋ ሙሉ በሙሉ፣ ያውም ገና ከመጀመሪያው ቀን ይሸከማል። ስለዚህ የድምፅ፣ የትርጉም ወይም የፊልም መብት ሊገዛው የሚመጣ ሰው ሲያገኝ፣ ሁሉንም ባንድ ፊርማ አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ እያንዳንዱን ለየብቻው ሊደራደርበት ይገባል።

ሃዊ ያኔ የያዘው አቋም የአንድ ዕድለኛ ሰው ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። ማት ዲኒማን «ደንጀን ክሮውለር ካርል» የተሰኘውን ተከታታይ ልብ ወለዱን ኢንተርኔት ላይ ክፍል በክፍል ካስነበበ በኋላ በ2020 ራሱ አሳተመው። በ2024 በፔንግዊን ራንደም ሐውስ ሥር ያለው ኤስ የተባለ አሳታሚ የወረቀት ኅትመቱን ሲወስድ፣ ዲጂታሉ መብት ከደራሲው እጅ አልወጣም።