የሰፈራና የመጠለያ ወሰንን በኮምፒውተር ካርታ ላይ የማስፈር ዘዴ

ድርቅ፣ መፈናቀል ወይም ሰፈራ ሲያጋጥም ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ሕዝቡ የት ነው? መሬቱስ እስከ የት ይደርሳል?» የሚል ነው። ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ካርታ ዛሬ በአብዛኛው በኮምፒውተር የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ በዞንና በወረዳ የሚሠሩ ባለሙያዎች ወሰን የሚያመለክቱ ቅርጾችን በትክክል የማስፈሩን ዘዴ ማወቃቸው እጅግ አስፈላጊ ነው።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ለዚህ ተስማሚ ምሳሌ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር የተነሡ በርካታ ወገኖች የሰፈሩበት ፓዊ፣ ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል በሚያልፈው መንገድ የሚደረስበት ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በክልሉ ውስጥ በተካሄደው ሰፈራ ጃዊ ከተቀባዮቹ አካባቢዎች አንዱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቻግኒ አቅራቢያ ራንች በተባለው ስፍራ ተጠልለዋል።

ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር

ቀደም ሲል የሰፈራ ወሰን የሚሠመረው በ1፡50,000 መለኪያ በታተመ ካርታ ላይ በእርሳስ ነበር። በዚህ መለኪያ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር በመሬት ላይ 50 ሜትር ይሸፍናል። ወሰኑ ሲለወጥም ሥራው እንደገና ይጀመር ነበር። በኮምፒውተር የሚሠመረው ቅርጽ ግን በማንኛውም ጊዜ ሊታረም ይችላል። ከዚህም በላይ መግለጫውን ከራሱ ጋር ይዞ ይኖራል፤ ተጠቃሚው ቅርጹን በጠቋሚው ሲነካው የቀበሌው ስም፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ የመሬቱ ስፋትና መረጃው የተሰበሰበበት ቀን ይቀርብለታል።

አሠራሩ

ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ያለ ክፍያ የሚገኘው ኪው ጂ አይ ኤስ ነው። በመጀመሪያ ቅርጾቹ የሚቀመጡበት አዲስ ሌየር ይከፈታል። ለውሃ ጉድጓድ ወይም ለእህል ማከፋፈያ ጣቢያ ነጥብ፣ ለመንገድና ለወንዝ መስመር፣ ለቀበሌና ለመጠለያ ደግሞ ፖሊጎን የተባለው ዝግ ቅርጽ ይመረጣል። ቀጥሎ በእርሳስ ምልክት የተመለከተው የማረሚያ ቁልፍ ይከፈትና ወሰኑን በመከተል በየማዕዘኑ የማውዙ የግራ ቁልፍ ይጫናል። የቀኝ ቁልፍ ሲጫን ቅርጹ ይዘጋና የመግለጫ ቅጽ ይቀርባል። ቅጹ ተሞልቶ ሥራው ካልተቀመጠ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ለልምምድ በእንጅባራ አቅራቢያ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ይመቻል። የሐይቁ ዳርቻ በሳተላይት ምስል ላይ በግልጽ ይታያል፤ ክብ በመሆኑም በአራት ነጥብ ብቻ የሚሠምር ሰው ሐይቁን ሳይሆን አራት ማዕዘን ያገኛል። ምስሉን አቅርቦ፣ ዳርቻው በሚታጠፍበት ሁሉ ነጥብ መጨመር ይገባል። መስመርን ለመለማመድ ደግሞ በዳንግላ ወረዳ የሚፈሰውን የኪልቲን ወንዝ መከተል ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

አንደኛው የአጎራባች ወሰኖች መገጣጠም ነው። ሁለት ቀበሌዎች ተለያይተው ሲሠመሩ በመካከላቸው ክፍተት ወይም መደራረብ ይፈጠራል። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ቅርጽ ውስጥ ያሉትን ቤቶች ሲቆጥር፣ በመደራረቡ ላይ ያለው ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ በክፍተቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ከእርዳታ ዝርዝር ይቀራል። ስለዚህ ነጥብን ከነጥብ የሚያጣብቀውን ስናፒንግ የተባለውን አሠራርና መደራረብን የሚከለክለውን አማራጭ አስቀድሞ መክፈት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመለኪያ ሥርዓት ነው። በ1፡50,000 የታተሙት ነባር ካርታዎች አዲንዳን በተባለው ሥርዓት የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ከተደባለቁ አንድ ጉድጓድ ከትክክለኛ ቦታው 200 ሜትር ገደማ ሊርቅ ይችላል። እንደዚሁም እንጅባራና ዳንግላ በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ሲገኙ፣ ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ በስተ ምዕራብ ያለው የመተከል ክፍል በዞን 36 ይመደባል።

ሦስተኛው የርቀትና የስፋት ስሌት ነው። በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ መሠረት ከመኖሪያ እስከ ውሃ ያለው ርቀት ከ500 ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህን ለማሳየት በጉድጓዱ ዙሪያ ክብ ይሠራል። ሆኖም የሌየሩ መለኪያ ዲግሪ ከሆነ 1 ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ክቡ ፍጹም የተሳሳተ ይሆናል። በመጠለያ ጣቢያ ለአንድ ሰው 45 ካሬ ሜትር ስለሚታሰብም፣ 10,000 ሰዎችን የሚይዝ ጣቢያ 45 ሄክታር ይፈልጋል፤ የቅርጹ ስፋት ከዚህ ካነሰ ጥበቱ ሕዝቡ ከመድረሱ በፊት ይታወቃል።

አራተኛው ጽሑፍ ነው። የቀበሌ ስሞች በፊደላችን በሚጻፉበት ጊዜ ሼፕፋይል ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ካልተቀመጠ ስሞቹ ወደማይነበቡ ምልክቶች ሊለወጡ ይችላሉ።

«ባዶ» የሚመስል መሬት

ከቴክኒኩ ሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። በበለስ ሸለቆ ሰፈራው ሲካሄድ ባዶ ተብሎ ከተቆጠረው መሬት ብዙው የጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ የሚያሳርፈው፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ነበር። ይህን አለመገንዘቡ ለኋለኛው ግጭት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። የሳተላይት ምስልም እንዲሁ ነው፤ ያደረ መሬትን ከጠፍ መሬት፣ የጋራ ግጦሽን ባለቤት ከሌለው ሜዳ ለይቶ አይናገርም። በመሆኑም ምስሉ የተነሣበትን ወርና ዓመት መመርመር፣ የተሠመረውንም ወሰን የአገሩን ምልክት ከሚያውቁ ሽማግሌዎችና ከሁለቱም ወገን ነዋሪዎች ጋር በእግር ዞሮ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ቅርጹ ለነካው ሁሉ መልስ የሚሰጥ በመሆኑ የተፈናቃዮችን ስምና ማንነት በውስጡ ማስገባት አይገባም፤ ለሥራው የቤተሰብ ቁጥር ይበቃል። ማንኛውም ወሰን ከመጽደቁ በፊት ካርታው ታትሞ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይቅረብ። በመግለጫ ሰንጠረዡም ወሰኑ በመሬት ላይ የተረጋገጠበት ቀን የሚሞላበት ዓምድ ይኑር። ይህ ዓምድ ባዶ የሆነበት ቅርጽ ረቂቅ ነው፤ በእርሱም መሠረት መሬት ሊሰጥም ሆነ ሰው ሊነሣ አይገባም።