ኮረንቲን የሚያስለቅቀው መሣሪያ

ጋጋሪዋ ሊጥ የነካ እጇን ሳታደርቅ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ጠርዝ ስትነካ ጣቷን ይነዝራታል። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይል» ትልና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ መጋገሯን ትቀጥላለች። በብዙ ቤት የተለመደ ነገር ነው። ያ ንዝረት ግን ምጣዱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ መውጫ እየፈለገ መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው።

በአማርኛ ኤሌክትሪክ ሰውን «መታው» ብቻ አንልም፤ «ኮረንቲ ያዘው» እንላለን። አባባሉ ትክክል ነው። በኤሌክትሪክ የተመታ እጅ ጡንቻው ይኮማተርና የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበረው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል ይህን መያዝ በፈቃደኞች ላይ እየሞከረ ለክቶታል። ሰው የጨበጠውን ሽቦ በራሱ ኃይል ሊለቅ የሚችልበት ወሰን በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች ደግሞ 10 ተኩል ሚሊአምፔር ግድም ሆኖ አገኘው። ሚሊአምፔር ማለት የአምፔር አንድ ሺህኛ ነው።

ታዲያ ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር አያድንም? አያድንም። ብሬከር፣ እንደ ድሮው ባልቦላ ሁሉ፣ የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር 16,000 ሚሊአምፔር ያለችግር ያሳልፋል። የራሰ ሰውነት ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ በሰውየው ውስጥ 220 ሚሊአምፔር ያልፋል ማለት ነው። ይህ ሰው ለመግደል ይበቃል። ለብሬከሩ ግን አንድ ባለ 50 ዋት አምፖል የበራ ያህል ነው።

ይህን ክፍተት የሚደፍነው መሣሪያ አርሲዲ ይባላል፤ በአሜሪካ ጂኤፍሲአይ ይሉታል። አሠራሩ የሂሳብ ማመሳከር ነው። ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ፣ በፌዝ፣ የሄደው ሁሉ በመመለሻው ሽቦ፣ በኑትራል፣ መመለስ አለበት። መሣሪያው ሁለቱንም ሽቦዎች በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያሳልፋቸዋል። የሄደውና የተመለሰው እኩል ከሆነ መግነጢሳዊ ኃይላቸው ስለሚጣፋ ቀለበቱ ምንም አይሰማውም። ከፊሉ በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ከሾለከ ግን ሂሳቡ ይጎድላል፤ ጉድለቱም ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ ቀስቅሶ መስመሩን ያስቆርጣል። ለመኖሪያ ቤት የሚመረጠው 30 ሚሊአምፔር የተጻፈበት ነው። ፍሳሹ የዚህ አምስት እጥፍ ሲደርስ በ40 ሚሊሰከንድ ውስጥ መቁረጥ አለበት፤ ይህም የዓይን ጥቅሻ ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነው።

ሐሳቡ ቀደም ብሎ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ተፈትኗል፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሩቢን ለማዕድን ሠራተኞች ደኅንነት መሣሪያ ሠራ። ዳልዚል ደግሞ በ1961 ፍሳሹ 5 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲደርስ የሚቆርጠውን አወጣ፤ እጅ ገና መልቀቅ በሚችልበት መጠን ማለት ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ መሣሪያውን በ1968 ለመዋኛ ገንዳ የውኃ ውስጥ መብራቶች አስገደደ። ገንዳ መቅደሙ ምክንያት አለው፤ ዋናተኛ ጡንቻው ለአፍታ ቢታሰር እንኳ ሊሰጥም ይችላል፣ ሊያወጣው የሚገባውም ሰው ሊያዝ ይችላል። የማዕድ ቤት ሶኬቶች ተራ የደረሰው በ1987 ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በማዕድ ቤታቸው ሶኬት ላይ የሚያዩዋቸው ሁለት ትንንሽ ቁልፎች የዚህ ውጤት ናቸው።

አርሲዲ ሁሉን አያድንም። ከመሬት ተለይቶ ፌዝና ኑትራልን በሁለት እጁ የጨበጠን ሰው እንደ ማንኛውም ዕቃ ይቆጥረዋል። ከዕቃ የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን የመሬት መስመርንም አይተካም፤ የመሬት መስመር ያለው ምጣድ ሲበላሽ አርሲዲው ሰው ሳይነካው በፊት ይቆርጣል። ሥራውን መሥራቱን ለማወቅ በየወሩ ቴስት የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ካልቆረጠ ይቀየር። እየደጋገመ ሲቆርጥም «አስቸገረ» ብለው አያስነሱት፤ ኤሌክትሪክ የሚያፈሰውን ዕቃ ፈልገው ያግኙ።

ምጣድዎ የሚነዝር ከሆነ ነጠላ ጫማ መድኃኒት አይሆንም። ዛሬውኑ ከሶኬት ይንቀሉት፤ ባለሙያ ይጥሩና የመሬት መስመሩን ያስፈትሹ፣ አርሲዲም ያስገጥሙ። ከምጣዱ ፊት የምትቆመው እናትዎ፣ እህትዎ ወይም በቤትዎ የምትሠራ የሰው ልጅ ናት።