ተጨማሪ መረጃ፦ የጨቅላ እባብ ጾም

በሰሜን አሜሪካ የሚኖረውና አፍንጫው ወደ ላይ ስለ ተቀለበሰ በአሳማ አፍንጫ ስም የሚጠራው እባብ በባሕርዩ ጉርጥ በል ስለ ሆነ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተፈለፈለው ጨቅላ፣ ጠጕር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል ብትቀርብለትም፣ እንደ ባሕታዊ በጾም ውሎ እያደረ ጠባቂውን የሚያስጨንቅበት ጊዜ አለ። ነገሩ ትዕቢት አይደለም፤ እባብ መብሉን ከዓይኑ ይልቅ በምላሱ ይለያልና፣ መንታው ምላስ ከአየርና ከምድር የለቀመውን ሽታ በላንቃው ላይ ላለው የያኮብሰን ክፍለ አካል ያቀርባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ጎርደን በርግሃርት የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ ገና አንዳች ያልቀመሱ ጋርተር የሚባሉ እባቦች የምድር ትል ሽታ ያለበት ጥጥ ሲቀርብላቸው ምላሳቸውን እያወናጨፉ ሊነክሱት ሲቃጡ በማየቱ፣ ምርጫው ከትምህርት አስቀድሞ በተፈጥሮ የታደለ መሆኑን አስረዳ።

ስለዚህ ብልህ ጠባቂ፣ ሞታ በበረዶ የቆየችውን የአይጥ ግልገል አቅልጦና አሙቆ በጉርጥ ቆዳ ያሻታል (ጉርጥ ቢታጣ፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ የቱና ዓሣ ውኃ አንዳንዱን ያታልለዋል)፤ ጨቅላው መዋጥ ከጀመረ በኋላም ሽታውን በየምግቡ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። ሣጥኑ ከቀዘቀዘ ወይም እባቡ ቆዳውን ሊገፍ ከተቃረበ ግን ይህ ሁሉ ብልሃት ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል።