ለሂሳብ ክፍላችን ገንዘብ ስናሰባስብ ምን እንጠይቅ?



ካኩማ ውስጥ ሂሳብ ያስተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መምህሩ «ራዲየሱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሳሉ» ይላል፤ በክፍሉ ያለው ኮምፓስ ግን አንድ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሦስተኛው ረድፍ ሳይደርስ ደወል ይደወላል። ከኋላ የተቀመጡት በጠርሙስ ክዳን ይስላሉ። ክቡስ ክብ ነው፤ መሃሉ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም። የኬንያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና (ኬሲፒኢ) በ2023 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም ቢሆን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በማስመሪያና በኮምፓስ መሥራት አልቀረም። መሣሪያ የሌለው ልጅ እያወቀ ማርኩን ያጣል።

የመጀመሪያው ስህተታችን «የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጠን» ብለን ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፋችን ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ የመጣልን ደብተር ነው። ደብተር አይጠላም፣ ግን ክብ አይስልም! ደብዳቤውን መልሰን ስናነበው ጥፋቱ የኛው ሆኖ አገኘነው። ኮምፓስ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረበትም።

አሁን መጀመሪያ እንቆጥራለን። 84 ተማሪ ላለበት ክፍል 84 የጂኦሜትሪ ሳጥን ብንጠይቅ ሰሚ አናገኝም፤ ስድስት ስድስት ሆነው ቢቀመጡ ግን 14 ኮምፓስ ይበቃል። የሂሳብ ክፍለ ጊዜያቸው እንዳይገጣጠም ፕሮግራሙ ከተስተካከለ ያው 14 ለሦስት ክፍል ይዞራል።

ቀጥሎ በነፃ የሚገኘውን ከዝርዝሩ እናወጣለን። ለጥቁር ሰሌዳ ሲባጎና ጠመኔ ኮምፓስ ይሆናል። ትልቅ ቀጤ ማዕዘን ከተፈለገ ሲባጎውን በ13 ቋጠሮ 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ጫፍና ጫፉን ማገናኘት፣ ከዚያ ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ክፍል እንዲሆኑ አድርጎ በሦስት ሰው መወጠር ነው። በ3ቱና በ4ቱ መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሆናል። ለታችኛው ክፍል መቁጠሪያ የለስላሳ ቆርኪ ሞልቷል። የተማሪ ኮምፓስና ማዕዘን መለኪያ ግን በእጅ ተሠርቶ አያስተማምንም፣ ይገዛ። ዋጋውን ከሦስት ሱቅ ጠይቃችሁ በሽልንግ ጻፉት።

ገንዘቡስ? ከተማሪ አይሰበሰብ እንላለን። ሃያ ሽልንግ ያጣ ልጅ አፍሮ ከክፍል ይቀራል፤ ይህን በዓይናችን አይተናል። እኛ የሄድነው ወደ እድራችን ነው። «እድር ለሐዘን እንጂ ለኮምፓስ አይደለም» ያሉ አባቶች ነበሩ፤ እውነት አላቸው፣ የእድሩንም ሳጥን አልነካንም። ግን እናቶች እሁድ ቡና አፍልተው፣ ቆሎና አምባሻ አቅርበው የሽያጩ ገንዘብ ለሂሳብ ይሁን ሲባል እምቢ ያለ የለም። ሱቅ ያላቸውም በኤምፔሳ ላኩ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገንዘቡን አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይመዝግብ፣ ሦስተኛው ይግዛ። ደረሰኙ የክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። በመጀመሪያው ዙር ዘጠኝ ገዝተን ደረሰኙን ስንለጥፍ፣ ቀድሞ ምንም ያልሰጡ ሰዎች ራሳቸው መጥተው «ስንት ይጎድላችኋል?» አሉን። «አምስት ኮምፓስ» አልናቸው። በሳምንቱ መጣ።

ደግሞ የኮምፓስ ብሎን ቶሎ ይላላል። ሲሰበሰብ ቆጥሮ የሚረከብ ተማሪ መድቡ፤ አርብ አርብ በትንሽ ካቻቢቴ ያጥብቀው።