ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ሜትር እንዘርጋ

ምን አለሽ ተራ ያረጀ ድስት የሚገዛ ሰው እንኳ ገልብጦ፣ አንኳኩቶ ያያል። ቤት ስንገዛ ግን ብዙዎቻችን ካርታውን ብቻ አይተን ቀብድ እንከፍላለን። ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዘ ሰፈር በካርታው የተጻፈውና መሬት ላይ ያለው ስፋት ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱ ስመ ንብረት ለማዛወር ሲለካ ከወጣ ጭቅጭቁ ያኔ ይጀምራል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውሉን ያፈረሰ ገዢ ቀብዱን ያጣል፤ ያፈረሰ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ልኬቱ ቢጎድል በካሬ ሜትር ስንት እንደሚቀነስ፣ ጉዳዩ ቢሮ ቢዘገይ እስከ መቼ እንደምንጠብቅ፣ ቀኑ ካለፈ ቀብዱ እንዲመለስ አስቀድመን ተስማምተን በውሉ እናስፍር።

ሻጭም ጉድለቱን ካወቀ ይናገር። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ነውሩን ከገለጹ ግብይታቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚነሳ አስተምረውናል።

ቀሪ ክፍያ በቀጠሮ ከሆነም ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ያዘዘንን አንርሳ፤ ወንድማማች ብንሆንም እንጻፈው፣ ምስክርም እናቁም።